ዛሬ የተመዘገበችው ሴት

ፈትለወርቅ አበጋዝ የልብ ቀዶ ሕክምና ተራዋ በደረሰ ሰኞ ዕለት፣ ባለቤቷ እንግዳሸት ቢጃማዋን፣ ነጠላ ጫማዋንና ጥቂት ብርቱካን በሻንጣ ይዞ፣ እሷን በክንዱ ደግፎ አዋሽ ማዶ ከተማ ወዳለው የልብ ሆስፒታል ገባ። ዓመት ከመንፈቅ ጠብቀዋል። ዓርብ ዕለት በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ስሟ አንደኛ ነበር። ሰኞ ግን ከላይ የለችም። እንግዳሸት አንገቱን አስግጎ ስሞቹን ወደ ታች ሲከተል ቆየና መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ፔትሮ ከሚባል ጣሊያናዊ መካኒክ በላይ አገኛት። ወዲያው የእሷ ስልክ ጮኸ።

«ውድ ፈትለወርቅ፤ ዛሬ ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን። እንኳን ወደ ቤተሰባችን በሰላም መጡ!»

«ስህተት ነው» አለ እንግዳሸት። «እስከ ማታ ይስተካከላል።»

«አንተ ካልክ» አለች ፈትለወርቅ። ትንፋሽ ስለሚያጥራት ስድቧን ማሳጠር ለምዳለች።

«ይስተካከላል» ማለት የእንግዳሸት እንጀራው ነበር። የከተማው ሬዲዮ ዜና አንባቢ ነው። ድምፁ ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ ወሬውን ከእንግዳሸት አፍ ሲሰማ ይረጋጋል ይባልለታል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ የአጣፊውን ሳምንታዊ ሪፖርት የሚያነበው እሱ ነው።

አጣፊው በአያቶቻቸው ዘመን ለኮድ ጸሐፊዎች የተሠራ ትንሽ መሣሪያ ነበር። ኮድ ውስጥ አንድ ስም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጠቅሶ ሲያገኝ፣ ስሙን ይሰርዝና ስሙ የቆመለትን ነገር በቀጥታ እዚያው ቦታ ላይ ይተክለዋል። መስመር ይቀንሳል፣ ጽሑፉ ይጠራል። ጸሐፊው አይቶ ወይ «እሺ» ይለዋል ወይ «ተወው» ይለዋል። ኋላ «ተወው» የሚል ሰው ጠፋ። ከዚያ «እሺ» የሚልም ሰው ማስፈለጉ ቀረ። በሁለት ሺህ ሰማንያዎቹ የአዋሽ ማዶ ውሃው፣ መብራቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ መካነ መቃብሩ ሳይቀር በኮድ ሲተዳደር፣ አጣፊው ከተማውን ያለ ጠባቂ ይዞር ነበር። የማቅለያ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞለታል፤ ሥራው አጣፊው በሳምንት ስንት ስም እንዳጠፈ ቆጥሮ ማጨብጨብ ነው። ሕዝቡ «አጥፊው» ይለዋል። እንግዳሸት በሬዲዮ ሲያነብ «ጣ» የምትለውን ፊደል ረገጥ የሚያደርጋት ለዚህ ነበር።

ማታም አልተስተካከለም። ማክሰኞ ጠዋት ፈትለወርቅ እንደገና «ዛሬ ስለተመዘገቡ» ተባለች። ረቡዕም፣ ከዚያም በኋላ በየቀኑ እንደዚያው። አዲስ ተመዝጋቢ በመሆኗ በየቀኑ ደም ትሰጣለች፤ በየቀኑ ትመዘናለች። ማሽኑ «ከዚህ በፊት እኛ ዘንድ መጥተው ያውቃሉ?» ይላታል። «አዎ» ካለች «መረጃው አልተገኘም» ብሎ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው «አላውቅም» ማለትን ለምዷል። ቀጥሎ «ልብዎን ይወቁ» የሚለውን ፊልም ማየት ግዴታ ነው። የፊልሙ ተራኪ እንግዳሸት ራሱ ነበር፤ ከዓመታት በፊት የቀረጸው ነው። ፈትለወርቅ ግድግዳው ላይ የባሏ ድምፅ «ልብ የማይታክት ሠራተኛ ነው» ሲል እየሰማች፣ አጠገቧ የተቀመጠውን ባሏን በጎን ታየዋለች።  ማየቷ ይበቃው ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ከጎናቸው ሐረገወይን የሚባሉ ትልቅ ሴት ይቀመጡ ነበር።

«ነገሩ ገና አልገባችሁም አይደል?» አሉ ለእንግዳሸት። «ሰሌዳውን እያየህ አትድከም። ዝም ብለህ አድምጥ።»

አዳመጠ። ሰሌዳው ይጣራል፦ ሀሊማ። ሀብቴ። ሀዊ። ሀጎስ። ሁሉአገርሽ።

«ሁላችንም ዛሬ ተመዘገባችሁ ተብለናል» አሉ ሐረገወይን። «ሁሉ ሰው እኩል ሲሆንበት በፊደል ይደረድረናል። ከሀሌታው ሀ ይጀምርና ሳይጨርሰው ይመሻል። ነገ ደግሞ እንደገና ከሀ።»

«ታዲያ እርስዎ ሐረገወይን ከሆኑ ቅርብ ነዎት» አለ እንግዳሸት።

«እኔ በሐመሩ ሐ ነኝ!» ሴትየዋ ደማቸው ፈላ። «ከእኔ በፊት ‹ለ› ሙሉውን አለ። የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ልጅ ሆኜ በሀሌታው ስጽፈው ‹በወጉ ጻፊው› ብለው የቀጡኝ። ነፍሳቸውን ይማረውና ገደሉኝ።»

ፈትለወርቅ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ከንፈሯን አጠቆረው፣ እንግዳሸትም ተነስቶ ወደ ማቅለያ ባለሥልጣን ሄደ።

እዚያ የሚያውቀው ሰው አለ። ኢንጂነር ናሁሰናይ የሚባል፣ ስለ አጣፊው ብዙ ጊዜ ቃለ መጠይቅ ያደረገለት ወጣት ኃላፊ ነው።

«ጋሼ እንግዳሸት! ይግቡ፣ ይግቡ» ብሎ ወንበር ሳበለት። ችግሩን ሲሰማ አልደነገጠም። ኮዱን ከፍቶ አሳየው።

«በፊት እንዲህ ነበር። ሕመምተኛው በመጣ ዕለት ኮዱ ‹ዛሬ ስንት ነው?› ብሎ ይጠይቅና መልሱን ‹የመጡበት ቀን› በሚል ስም ያስቀምጠዋል። ወረፋው ሲደረደር ያ ስም ይነሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ። አጣፊው ስሙን ሰረዘና ‹ዛሬ ስንት ነው?› የሚለውን ጥያቄ ራሱን እዚያ ተከለው። አንድ መስመር አተረፍን።»

«ናሁሰናይ፣ የያኔው ዛሬና የዛሬው ዛሬ እኮ አንድ አይደሉም።»

«ልክ ነዎት።»

«ታውቁታላችሁ ማለት ነው?»

«ከሰኞ ጀምሮ።»

«እና ለምን አትመልሱትም?»

«መለስነው እንጂ! በማግስቱ አጠፈው። አንድ ቦታ ብቻ ነዋ የሚጠቀሰው። እንዳይታጠፍ ከተፈለገ ሁለተኛ ቦታ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ የመጡበትን ቀን ሰሌዳው ላይ ማሳየት። እሱ ደግሞ መስመር መጨመር ነው። እኛ የማቅለያ መሥሪያ ቤት ነን ጋሼ፤ መስመር መጨመር የሚፈቅድ ክፍል የለንም። ነበረን። ሥራ ስላልነበረው ታጠፈ።»

«መሣሪያውን አቁሙታ!»

«ማን ደፍሮ? እርስዎ ራስዎ ዓርብ ዓርብ ስንት ውዳሴ አንብበውለታል!» ናሁሰናይ ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ እውነትም አድናቂው ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእርስዎ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገርዎ። ስሟን ያስቀይሩት። እናቴ ጸዳለ ነበረች፤ ሀመልማል አስባልኳት። ሐሙስ ዕለት ቫልቯ ተቀየረላት።»

እንግዳሸት ከዚያ ወጥቶ ወደ ስም ማስቀየሪያው ቢሮ ሄደ። ናሁሰናይ ያልነገረው የእናቱን ስም በውስጥ በኩል ማስቀየሩን ነው። የስም ማስቀየሪያውም ወረፋ በዚያው ኮድ ነበር የሚደረደረው። የከተማው ለማ፣ ለምለምና ለገሰ በሙሉ ሀ ሊሆን መጥቶ ቀኑን ይጨርሰዋል። እንግዳሸት መስኮቱ ላይ ላለው ሰው «ሚስቴ እኮ ልትሞት ነው» አለው። ሰውዬው በትሕትና «ስማቸው በምን ይጀምራል?» ብሎ ጠየቀው። ሲነገረው «ኡ!» አለ።

ሌላ ከተማ መውሰድንም አስቦ ነበር። ግን ሁሉም ሆስፒታል ኮዱን የሚገለብጠው ከአዋሽ ማዶ ነው፤ በአገሩ አጭሩ ኮድ ተብሎ ተሸልሟል።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ አንድ ነገር ልብ አለ። ሰሌዳው «ሀምሳሉ በየነ» ብሎ ተጣራ፤ ማንም አልተነሳም። «ሀብተወልድ ይርዳው» አለ፤ ማንም። «ሀብታምነሽ ደርቤ»፤ ማንም። በየስሙ መካከል ረጅም ዝምታ ይሆናል። በቀዶ ክፍሉ መስታወት በኩል ዶክተር ጥበበሥላሴ የሚባሉት ሐኪም እጃቸውን ታጥበው፣ ጓንት አድርገው፣ ባዶ አልጋ አጠገብ ቆመው ይታያሉ።

«የት ሄደው ነው?» አለ እንግዳሸት።

«ሞተዋላ» አሉ ሐረገወይን።

የሞተ ሰው ከወረፋው የሚወጣው በሞተ በማግስቱ ነው፤ ምናልባት ስህተት ቢኖር ለማረም ሲባል ድሮ የወጣ ደንብ ነው። «የሞቱበት ቀን» የሚለውም ስም ግን አንድ ቦታ ብቻ ነበርና ታጥፏል። በመሆኑም የአዋሽ ማዶ ሙታን ሁሉ በየቀኑ የሞቱት ዛሬ ነው፤ በየቀኑም ተራቸው ይደርሳል። ቀን በተጨመረ ቁጥር ሰሌዳው የሚጠራው ሬሳ በዛ፤ ሐኪሙም ጓንታቸውን ሳይጠቀሙበት ያወልቃሉ።

«የቀዶ ክፍሉ በር የጣት አሻራ ያያል» አለ እንግዳሸት፣ ፈትለወርቅ ምን እያሰበች እንደሆነ ከፊቷ አንብቦ። «እንዳታስቢው።»

«አሻራውም ታጥፏል» አሉ ሐረገወይን። «መዝገብ ላይ ያለው አሻራ የሚጠቀሰው እዚያ በር ላይ ብቻ ነበር አሉ። አሁን በሩ የሚያመሳክረው የጫንሽውን ጣት ከጫንሽው ጣት ጋር ነው። ባለፈው አንዱ ሽንት ቤት መስሎት ሲጫን ተከፈተለት።»

«ፈትሌ፣ የሰው ስም ነው» አለ እንግዳሸት።

«የሞተች ሴት ስም ነው።»

«ነውር ነው። ሕግም አለ።»

«አንተ የምታነበው ሕግ?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔን ሰኞ ነበር መጥራት የነበረባቸው። የማንንም ተራ አልወሰድኩም። የራሴን ተራ በሰው ስም ልውሰድ ነው እንጂ።»

ሐረገወይን ወደ ኋላ ዞረው አዳራሹን አዩት። እዚያ ያለው ሰው ማን ከማን በኋላ እንደመጣ ያውቃል፤ ስንት ወር አብረው ተቀምጠዋል። «ሰኞ የማን ነበር?» ብለው ጠየቁ። «የእሷ» አለ አንዱ። «የእሷ ነበር» አሉ ሌሎቹም። ፔትሮ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳው «ሀብታምነሽ ደርቤ» ሲል ፈትለወርቅ ተነስታ «አቤት!» አለች። ጣቷን ጫነች። በሩ ጣቷን ከጣቷ ጋር አመሳክሮ «ልክ ነዎት» አላትና ተከፈተ።

ዶክተር ጥበበሥላሴ መዝገቡን አዩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ይላል። ቀና ብለው ፀጉሯ የሸበተውን ሴት አዩ።

«ትንሽ አርጅተዋል» አሏት።

«ወረፋው ነው» አለቻቸው።

መዝገቡን ዘግተው ራሳቸው እንደ አዲስ ከመረመሯት በኋላ ሥራቸውን ጀመሩ። ከብዙ ቀን በኋላ በሰዓቱ የቀረበች የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ነበረች።

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ከዚያ በኋላ አዳራሹ የራሱን ሥርዓት አበጀ፤ ሰሌዳው አንድ ሙት ሲጠራ፣ ሐረገወይን በእውነተኛው ቅደም ተከተል ተረኛውን ይጠቁማሉ፤ ተረኛው «አቤት» ይላል። ወንዱ ሴት፣ ሴቷ ወንድ ሆና ትገባለች፤ በሩ ግድ የለውም። ሐረገወይን ራሳቸው ሀብተወልድ ይርዳው ተብለው ገቡ። ከመግባታቸው በፊት የአዳራሹን ቅደም ተከተል ለፔትሮ አስረክበውት ነበር።

ዓርብ መጣ። እንግዳሸት ስቱዲዮ ገብቶ የተሰጠውን ወረቀት አየ። በልብ ሆስፒታሉ ተጠርተው የሚቀሩ ሕሙማን ቁጥር ወደ ምንም መውረዱን፣ ይህም የአጣፊው ፍሬ መሆኑን ይናገራል። ለምስክርነት አንዲት የዳነች ሴት በስም ተጠቅሳለች፤ ወይዘሮ ሀብታምነሽ ደርቤ፣ የምንጃር ተወላጅ።

ማይክራፎኑ ከመከፈቱ በፊት ብዙ አሰበ። እውነቱን ቢናገር በሩን ያስተካክሉታል፤ ያኔ አዳራሹ ሙሉ ሰው ያልቃል። ሪፖርቱን አላነብም ቢልም ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ቀይዋ መብራት በራች። አነበበው። ድምፁ ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል ነበር። «አጣፊው» ላይ ሲደርስ «ጣ»ን ረገጣት። ሲወጣ ናሁሰናይ ደወለ፤ «ጋሼ፣ ዛሬስ እንደ ማር ነው ያወረዱት!» አለው። እንግዳሸት ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ፊቱን ደጋግሞ ታጠበ።

ፈትለወርቅ የምትወጣ ዕለት እንግዳሸት መኪና ተከራይቶ በሩ ላይ ጠበቃት። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና፣ እጇ ላይ የሌላ ሴት ስም የተጻፈበት አምባር ታስሮ፣ ከንፈሯ ቀልቶ ወጣች። መውጫው ላይ ከምትሠራው ልጅ አጠገብ ግን አንድ ሰው ቆሟል። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ጥቁሩ በፀሐይ የደበዘዘበት፣ ጢሙን ያልተላጨ ጎልማሳ።

«ዋሲሁን ደርቤ እባላለሁ» ይላል። «ሀብታምነሽ ደርቤን ልወስድ ነው። ድናለች ተብዬ ነው የመጣሁት።»

«ይኸውልዎ እኅትዎ!» አለች ልጅቱ በደስታ። «መሆናቸውን ያረጋግጡልኝና ይውሰዷቸው።»

ሰውዬው ፈትለወርቅን አያት። እንግዳሸት ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ያ የተመሰገነ ድምፅ ግን አልወጣም። ፈትለወርቅም ዓይኗን አልሰበረችም። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

«እዚህ ነው የቀደዱሽ?» አለ ዋሲሁን፣ የራሱን ደረት ነክቶ።

«እዚህ።»

«እሷም እዚህ ነበር የምትይዘው» አለ ቀስ ብሎ።

«ጌታዬ፣ እኅትዎ ናቸው ወይስ አይደሉም?» አለች ልጅቱ። «ሌላ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ዋሲሁን ወደ ልጅቱ ዞረ። «ናት» አለ። «በሕይወት ሳለች ሳትጠሯት ሞተች። ከሞተች በኋላ ጠርታችሁ አዳናችኋት። ደግ አድርጋችኋል።»

«እናመሰግናለን» አለች ልጅቱ። «ለአገልግሎታችን ስንት ኮከብ ይሰጡናል?»

ደጅ ሲደርሱ ፈትለወርቅ አምባሩን ፈትታ ሰጠችው። እንግዳሸት በመጨረሻ ድምፁ መጣለትና «ወንድሜ፣ ምን ብዬ ላመስግንህ…» ማለት ጀመረ። ዋሲሁን ክው ብሎ ቆመ።

«አንተ ነህ» አለ። «ሬዲዮው!»

እንግዳሸት በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እኮ መቃብሯን በእጄ ነው የቆፈርኩት፤ ‹ድናለች› የሚለው የሆስፒታሉ መልእክት ሲመጣልኝ ጥዬው ነበር። እናቴ ግን ዓርብ ዕለት አንተን ሰማች። ‹ያ ሰው አይዋሽም› አለች። ‹ቀብራችሁ የመጣችሁት የማንን ልጅ ነው?› ትለኛለች። ከዚያ ወዲህ ደጅ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ታያለች። እህል አልቀመሰችም። ‹ሂድና አምጣት› ብላ ነው የላከችኝ። አሁን ሄጄ ምን ልበላት?»

«እኔ…» አለ እንግዳሸት። «ደብዳቤ ብጽፍላት… ወይም በስልክ…»

ፈትለወርቅ የመኪናውን በር ራሷ ከፈተች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጥ፣ በሙሉ ትንፋሽ ተናገረች። «አንተ ነህ የነገርካት። ሄደህ ፊት ለፊቷ ቆመህ አንተው ታፈርሰዋለህ። ግባ።»

ከዋሲሁን ጋር ወደ ምንጃር ሄዱ።  የዋሲሁን ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት ጥቁር ነጠላቸውን አውልቀው ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። መኪናው ሲቆም በግድግዳው ተደግፈው ተነሱ። እንግዳሸት ወረደና ፊታቸው ቆመ።

«እማማ፣ በሬዲዮ ያነበብኩት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነበር። «ሀብታምነሽ አልዳነችም። ውሸት መሆኑን አውቄ ነው ያነበብኩት።»

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ከመኪናው ቀስ ብላ ወደወረደችው ሴት ሄደ።

«ይቺስ ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት። በልጅዎ ስም ነው የዳነችው።»

አሮጊቷ ነጩን ነጠላ ከትከሻቸው ላይ አነሱትና በክንዳቸው ጠቀለሉት። ወደ ፈትለወርቅ ሄዱ፤ መዳፋቸውን ደረቷ ላይ አሳረፉና ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ። ከዚያ እጇን ያዙ።

«እሷ ትግባ» አሉ ለልጃቸው። «እሱ እዚያው ደጅ ይቁም።»

እንግዳሸት ደጅ ቆመ።